ሚስቱ ስትገባ የምትቆመው መኪና

ሰፈሩ «አምፔር» ይለዋል። ሊፍት ጠጋኝ ነው፤ የከተማው ሰው ፎቅ ወጥቶ ፎቅ የሚወርደው በእሱ እጅ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ስሙን ያወጣለት ጎረቤቱ ባለታክሲው ነው። ሊፍት ጠጋኙን ስለ ዝናብም ጠይቁት ስለ ሰርግ፣ ወሬው ዞሮ ዞሮ የኤሌክትሪክ መለኪያው አምፔር ላይ ያርፋል፤ «እንዴት አደርክ?» ሲሉት እንኳ ስንት አምፔር ሆኖ እንዳደረ ሊናገር ይቃጣዋል። ክፉ ሰው አይደለም፣ ይሄ ይታወቅልኝ። ክፉ ቢሆንማ ሚስቱ ገና ድሮ ተገላግላው ነበር። መከራው ደግነቱ ነው፤ ደግ ሰው ቤት ሲያፈርስ ማን ደፍሮ ይጮህበታል?

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። ሱቋ ከቤታቸው ደጃፍ የሚጀምረው ዳገት አናቱ ላይ ነው። ከአባቷ የወረሰቻት ትንሽ አሮጌ መኪና ነበረቻት፤ ጭሷ ብዙ፣ ድምጿ የባልና ሚስት ጠብ፣ ግን ጠዋት ጠዋት ጨርቁንም ልብስ ሰፊዋንም ጭና ዳገቱን እያለከለከች የምትወጣ። አንድ ቀን ሞተሯ ነክሶ ቀጥ አለ። ሜካኒኩ ከፍቶ አየና «ነፍስ ይማር» ብሎ ክዳኑን መለሰው። ልብስ ሰፊዋ እንባዋ መጣ። የአምፔር ግን ዓይኑ በራ።

«ለእኔ ተዪው» አላት፤ «በኤሌክትሪክ አደርግልሻለሁ። ሁለት ወር ብቻ ስጪኝ፣ ቤንዚን የሚባል ነገር መኖሩን ትረሺዋለሽ።»

አልዋሸም። ቤንዚን ረሳች፤ መኪና የሚባለውንም አብራ ረሳች። ሁለቱ ወር ሁለት ዓመት ወለደ። ልብስ ሰፊዋ የጨርቅ ጥቅሏን ትከሻዋ ላይ ጥላ ዳገቱን በእግሯ ትወጣለች፣ ባሏ ከሥራ መልስ ጋራዡ ውስጥ ገብቶ ይጠፋል። ከአንድ የተዘጋ መጋዘን የፎርክሊፍት፣ የዕቃ ማንሻ መኪና፣ ሞተር አገኘ። ባትሪ ከዚህም ከዚያም ለቃቅሞ ኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ደረደረ። ለሞተሩ የሚሄደውን ኃይል የሚመጥነውን ሳጥን፣ ኮንትሮለሩን፣ ከባትሪዎቹ ጎን አሰረ። ከሾፌሩ ጎን ያለውን መቀመጫ ደግሞ ገና በመጀመሪያው ሳምንት ነቅሎ አወጣው። ታዲያ ሰውየው ሲሠራ ምን ላይ ይቀመጥ? ሻዩን የሚጠጣው እሱ ላይ ሆኖ ነው፣ ሲደክመውም የሚያንቀላፋው እሱው ላይ ነው።

«መቼ ነው የምትደርሰው?» ስትለው፣ «ኧረ ትንሽ ናት የቀረቻት» ይላታል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

ኋላ ግን፣ እውነቱ ይነገርለት፣ መኪናዋ ሄደች! አንድ እሁድ ጠዋት አምፔር ብቻውን ሆኖ ከግቢ አወጣት። ድምፅ የለ፣ ጭስ የለ፣ እንደ ድመት ሹልክ ብላ ዳገቱን ወጥታ ተመለሰች። ሰፈሩ አጨበጨበ። ባለታክሲው ሳይቀር ሳይወድ በግዱ «ሰውየው እውነትም ሠራት!» አለ። ልብስ ሰፊዋ በሩ ላይ ቆማ፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። አምፔር መቀመጫውን ከጋራዥ ጎትቶ አመጣ፣ በአራት ብሎን አሰረው፣ በሩንም ከፈተላት። የክት ልብሷን ለብሳ ገባች።

ዳገቱ እግር ስር ሲደርሱ መኪናዋ ደንገጥ አለች። አንዴ ወደ ፊት ገፋ፣ አንዴ ወደ ኋላ ጎተት አደረገቻቸውና ቲት ቲት ቲት ብላ ቀጥ አለች። አምፔር ቁልፉን አጠፋ፣ አበራ፤ ወይ ፍንክች! ልብስ ሰፊዋ ልትገፋ ወረደች። ገና እግሯ መሬት ከመንካቱ መኪናዋ ተንቀሳቀሰች።

«ሄደች! ግቢ ግቢ!» አለ አምፔር።

ገባች። ቆመች። ወረደች። ሄደች። ደግማ ገባች፤ ቆመች። ባለታክሲው አጥሩን ተደግፎ በሳቅ ፈረሰ።

«እህቴ» አላት እንባውን እየጠረገ፣ «ይቺ መኪና መሰለችሽ እንዴ? ጣውንትሽ ናት እኮ!»

ቀልዱ ሳይመሽ ሰፈሩን አዳረሰ። በእግር መሄድ ሌላ ነገር ነው፤ ጤና ነው ይባላል። ከገዛ አባት መኪና በሰው ፊት እየወረዱ መግባት፣ እየገቡ መውረድ ግን አንጀት ያሳርራል። ልብስ ሰፊዋ የክት ልብሷን አውልቃ ሰቀለችና ባሏን ቁጭ አድርጋ ነገረችው።

«የአባቴ መኪና ናት። ቅዳሜ ጠዋት እኔን ጭና ዳገቱን ከወጣች፣ ወጣች። ካልወጣች የውዳቂ ብረት ገዢው የጭነት መኪና ላይ ተጭና ትወጣለች። ለሽማግሌው ነግሬያቸዋለሁ፣ ይመጣሉ።»

«እንዴ፣ አንቺ ሴትዮ! ይሄ ሁሉ ልፋት…»

«ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ በላት።»

የአምፔር ልቡ ስንጥቅ አለ። ሚስቱ በቀላሉ አትቆጣም፤ ከተቆጣች ደግሞ አትመለስም። የለፋበት ሞተር ተቆራርጦ በሚዛን ላይ ሲወጣ ታየው። ሞተሩስ ይሁን፣ ሌላ ይገኛል። ያስፈራው ከዚያ የከፋው ነው፦ ይሄን ካቃተው፣ ከእንግዲህ «ተዪው ለእኔ» ሲላት ማን ይሰማዋል? ሌላ ምን አለው? ቆንጆ አይደለም፣ ጨዋታ አያውቅም፤ ለሚስቱ ያለው ነገር ቢኖር እጁ ብቻ ነው።

ሰኞ ፈቃድ ጠይቆ ከሥራ ቀረ። ሥራው ያስተማረው ሥርዓት አለው። ሊፍት ሲበላሽ ከሁሉ በፊት በሩ ላይ «ሰው እንዳይገባ» የሚል ሰሌዳ ይሰቀላል። ከዚያ ባዶውን ይወጣል፣ ባዶውን ይወርዳል። ሰው የሌለበት ሊፍት ለጠጋኝ እንዴት ያለ ሰላም እንዳለው የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የሚጮህ የለ፣ ቁልፍ የሚነካካ የለ። አምፔር መኪናዋንም እንደዚያው ያዛት። መቀመጫውን ነቅሎ ወደ ጋራዡ መለሰ፤ መቀመጫ ያስፈልገዋላ! ብቻውን ዳገቱን ወጣ። በረረች። ተመልሶ ደግሞ ወጣ። አሁንም በረረች።

«ሞተሩ ምንም አልሆነም» አላት ማዕድ ላይ፣ ምሥራች እንደሚነግር ሰው።

«ታዲያ ምን ልሁን? እልል ልበል?»

ማክሰኞ ሞተሩን ከነነፍሱ ከፈተው። ኤሌክትሪክ የሚያቀብሉትን ካርቦኖች አወጣ፣ አየ፣ በአዲስ ቀየረ። አቧራውን ነፋ። የባትሪዎቹን ማሰሪያ አንድ በአንድ አጠበቀ፤ አንዲት የላላች ዳዶ ሲያገኝ ደስታው ወሰን አጣ። «አንቺ ነሽ ለካ ትዳሬን ያመስሽው!» ብሎ ዳዶዋን ሰደባት። መቀመጫውን አሰረ፣ ሚስቱን ጠራ፣ ወጡ። እዚያችው ቦታ፣ ዳገቱ እግር ስር፣ ድንግጥ፣ ቲት ቲት ቲት፣ ቀጥ። ልብስ ሰፊዋ ወርዳ ጥቅሏን አነሳች። መኪናዋ ከኋላዋ እየተንሸራተተች ደህና አድርጋ ተከተለቻት።

ረቡዕ ክብደት ነው አለ። ይሄን ያለው ግን ለሌላ ለማንም አልነበረም፣ ለራሷ ለልብስ ሰፊዋ ነው።

«ስንት ኪሎ ነሽ?»

ልብስ ሰፊዋ መቀሱን አስቀመጠች። «ምን አልክ?»

«አይ፣ ለስሌቱ ነው። አምፔሩን…»

«ከዚህ ጥፋልኝ!»

ጠፋላት። አሸዋ በከረጢት ሞልቶ በግምት መዘነ፤ ግምቱን እዚህ አልናገርም፣ ሰውየው ትዳሩን ይፈልገዋል። ከፊት መቀመጫ ስለሌለ ከረጢቶቹን ከኋላ ወንበር ላይ ደረደራቸው። «ለጥንቃቄ» ብሎ ደግሞ ሌላ ጨመረበት። ብቻውን ዳገቱን ወጣ። መኪናዋ አሸዋውን ጭና እንደ ሙሽራ ተንሸራሸረች።

«ክብደትሽ አይደለም!» አላት እየሮጠ ገብቶ።

«ተመስገን» አለች፣ ዓይኗን ከመርፌው ሳታነሳ።

ሐሙስ ነገሩ ወደ ጥንቆላ አዘነበለ። የተማረ እጅ መላ ሲያጣ የሚገባበት ቀዳዳ አይታወቅም። መጀመሪያ ስልኳን ጠረጠረ፤ ስልኳን ቤት ትታ ገባች፣ ቆመች። ቀጥሎ ወሬዋን ጠረጠረ።

«ዝም ብለሽ ተቀመጪ እስቲ። ስታወሪ ሞተሩን መስማት አልቻልኩም።»

ልብስ ሰፊዋ አፏን ዘጋች፣ እጇን ጭኗ ላይ አደረገች፣ ፊት ለፊቷን እያየች እንደ ፎቶ ተቀመጠች። ዳገቱ እግር ስር መኪናዋ ደነገጠችና ቀጥ አለች። አምፔር ቀስ ብሎ ዞሮ አያት።

«ተነፈስሽ እንዴ?»

እዚህ ላይ ሌላ ሴት ብትሆን በጥፊ ታቃጥለው ነበር፤ ማንም አይፈርድባትም። ልብስ ሰፊዋ ግን ወርዳ በመስኮቱ ጎንበስ አለችና፣ «እኔ የምልህ፣ ከኋላ ልቀመጥልህ እስቲ፣ አሸዋው በተቀመጠበት» አለችው።

«ሚስቴን ከኋላ ጭኜ? ያ ባለታክሲ አይቶኝ ‹አምፔር ታክሲ ጀመረ› እንዲለኝ ነው?» ብሎ አሻፈረኝ አለ። የሰው ልጅ ክብር እንዲህ ናት፤ የተበላሸ መኪና ውስጥ ተቀምጦም ቦታ ትመርጣለች።

ዓርብ ጠዋት ልብስ ሰፊዋ ለትምህርት ቤት ዩኒፎርም የሚሆን ጨርቅ ከሁለት ትከሻ የሚበልጥ ነበራት፤ ደንበኞቹም ሱቁ በር ላይ እየጠበቋት ነው። ጋራዡን በረገደችው። አምፔር መቀመጫው ላይ ሆኖ ሻይ ይጠጣል፤ መኪናዋ ጎኗ ባዶ ሆኖ ቆማለች።

«ተነስ! አድርሰኝ!»

«ቆይ፣ መቀመጫውን ልሰርልሽ፣ አራት ብሎን ነው…»

«ብሎንህን ቅርጥፍ አድርገህ ብላው!»

ጥቅሎቹን ከኋላ ወረወረች፣ እሷም ከጎናቸው ገብታ በሩን ደረገመችው። አምፔር አንገቱን ደፍቶ መሪውን ያዘ። ባለታክሲው አጥሩ ላይ አለ፤ የት ይሄዳል! «ሂሳብ ቀድመሽ እንዳትከፍዪ እህቴ፣ መንገድ ላይ ያወርድሻል!» አለ። ዳገቱ እግር ስር ሲደርሱ አምፔር ትንፋሹን ዋጠ። መኪናዋ አልደነገጠችም። ቲትም አላለች። ልብስ ሰፊዋን ከነጥቅሏ ይዛ ዳገቱን ወጣችና ሱቁ በር ላይ ቆመች።

«አየሽ! አየሽ!» አለ አምፔር መሪውን እየደበደበ፤ «ወጣች! ተሻላት!»

ልብስ ሰፊዋ ጥቅሎቿን እያወረደች፣ «ማን አሻላት? ዛሬ ምን ተለየ?» አለችውና ሱቋ ገባች።

አምፔር መሪው ላይ እጁን እንዳደረገ ቀረ። ምን ተለየ? ያው ሞተር፣ ያው ባትሪ፣ ያችው ሚስት፣ ከነትንፋሿ። ቀስ ብሎ ጎኑን አየ። መቀመጫ የለም። መኪናዋን አዙሮ ቁልቁል ወረደ፣ ጋራዥ አስገባት፣ መቀመጫው የሚታሰርበት ቦታ ላይ ተንበርክኮ ምንጣፉን ገለጠው።

ከእግር መርገጫው ተነስታ ኋላ ያለው ሳጥን ድረስ የምትሄድ አንዲት ቀጭን ሽቦ አለች። «ሾፌሩ ረግጧል፣ ለሞተሩ ኃይል ስጠው» ብላ የምትናገር እሷ ናት። በመኪናዋ መሃል፣ በምንጣፉ ስር፣ ቀጥ አድርጎ የዘረጋት ራሱ አምፔር ነው። መቀመጫው ሲታሰር የመቀመጫው ብረት እላይዋ ላይ ያርፋል። ሰው ሲቀመጥበት ደግሞ፣ በተለይ መኪናዋ ዳገት ስትጀምር፣ ብረቱ ይጫናታል። ልባሷ ተልጦ መዳቧ ወጥቷል፤ መዳቧ የመኪናዋን ብረት ሲነካ መልእክቷ ይምታታል፤ ሳጥኑም የተምታታ ትእዛዝ ሲደርሰው ሞተሩን መዝጋት ነው ሥራው። ሰው ሲነሳ ብረቱ ይነሳላታል፣ መኪናዋም ትሄዳለች። በቃ፣ ይኸው ነው። ጣውንት የለች፣ ትንፋሽ የለ። ሳምንቱን ሙሉ መቀመጫውን እየነቀለ መርምሮ፣ መቀመጫውን እያሰረ ሚስቱን ጠራ።

አምፔር ብቻውን ሳቀ፣ ዘፈነም ይባላል። ሽቦዋን አወጣት፣ በአዲስ ቀየራት፣ በሩ ስር በጠርዝ በኩል አዞራት። መቀመጫውን አሰረና እላዩ ላይ ዘለለ፤ ምንም የለም። ልብስ ሰፊዋ ገና ፀሐይ ሳትገባ ከሱቅ ስትመለስ በሩ ላይ ጠበቃት፣ እጇን ይዞ ጎተታት፣ አሮጌዋን ሽቦ እንደ ታደነ እባብ አንጠልጥሎ አሳያት። ሁሉንም ነገራት፤ ብረቱን፣ ልባሱን፣ መዳቡን። እንደ ልጅ ነበር የሚያወራው።

ልብስ ሰፊዋ ሽቦዋን ተቀብላ የተጨፈለቀውን ቦታ በጣቷ ዳሰሰችው። ክር የምታውቅ ሴት ናት።

«እዚህ ጋ ለምን አሳለፍካት?»

«እህ፣ ሌላው ቦታ ሁሉ የሆነ ነገር አለበት። እዚያ ግን ባዶ ነበር።»

«ባዶ?»

«ባዶ… ነበራ» አለ፤ አሁን ድምፁ ቀነሰ።

«እኔ የት የምቀመጥ መስሎህ ነው?»

አምፔር ለሁሉም ነገር መልስ አለው። ሊፍት ለምን እንደሚዘገይ፣ አምፖል ለምን እንደሚቃጠል፣ ጎረቤት ለምን እንደሚስቅ። አሁን ግን ዞሮ መቀመጫውን አየ። መኪናዋ የእሷ ናት፤ የሠራት ለእሷ ነው፤ «ለእሷ ነው» እያለ አገሩን ሁሉ አድክሟል። ሽቦዋን ሲዘረጋ ግን እዚያ ቦታ ላይ ሰው አልታየውም። አንዴም! ፊቱ በሐፍረት ጋለ። ልብስ ሰፊዋ ሽቦዋን መለሰችለት፤ አልጮኸችም፤ እጇን ልትታጠብ ገባች።

ቅዳሜ ጠዋት ብረት ገዢው የጭነት መኪናቸውን ይዘው መጡ። ሽማግሌ ናቸው፤ መኪናዋን ዞረው አይተው ጎማዋን በጫማቸው ነካ ነካ አደረጉ።

«እንግዲህ ልጄ፣ እንጫናት?»

«አባባ፣ ትንሽ ይጠብቁኝ፤ ወይ እኔን ትጭናለች፣ ወይ እርስዎ ይጭኗታል።»

አምፔር እየተጣደፈ የመቀመጫውን በር ከፈተላት። ልብስ ሰፊዋ አልፋው ዞረችና በሾፌሩ በር ገባች። መንዳቱን ከእሱ በፊት የምታውቀው እሷ ናት፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም አልጠየቃትም እንጂ። እጇን ዘረጋች፤ ቁልፉን ሰጣት። እሱም ዞሮ፣ ምን ያድርግ፣ በከፈተው በር ገብቶ ተቀመጠ። መሪ የሌለበት ቦታ ላይ እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋው።

ዳገቱ እግር ስር ደረሱ። መኪናዋ ሳትደነግጥ ወጣች። ልብስ ሰፊዋ መጀመሪያ ፈገግ አለች፣ ቀጥላ ጮክ ብላ ሳቀች፤ አምፔር እንዲህ ስትስቅ ከሰማት ስንት ጊዜው! ከታች ብረት ገዢው «የዛሬው ገበያዬ ከሸፈ» ብለው መኪናቸውን አዞሩ።

ሱቁ በር ላይ አቆመችና ቁልፉን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

«ይኸውልህ፣ አንድ ጥቅል ቤት ቀርቷል። አምጣልኝ፤ ዛሬ የሚሰፋ ነው።»

«እሺ፣ ቁልፉን ስጪኝና…»

«በመኪናዋ አሁን ለደንበኛ ልብስ ላደርስ ነው። በእግርህ ና።»

ደርሶ ለመመለስ ምን አለበት ብሎ ወረደ። ጥቅሉን ትከሻው ላይ ሲያደርገው ግን «ኧረ እናቴ!» አለ። ጨርቅ እንዲህ ይከብዳል? ይሄ ዳገት ስንት አምፔር እንደሚበላ በቃሉ ያውቀዋል፤ ጥላ እንደሌለው ግን አያውቅም ነበር። ገና ግማሹ ላይ ላቡ ዓይኑ ውስጥ ገባ፤ ጥቅሉን አንድ ድንጋይ ላይ አስቀምጦ ቆመ። ባለታክሲው ታክሲውን እየነዳ መጥቶ ከጎኑ ቆመ።

«ምነው አምፔር? ደግሞ ቆመች እንዴ?»

«አልቆመችም። በደንብ ትሄዳለች፣ እሷ ጋ ናት።»

«አንተስ ታዲያ? ና ግባ፣ ወደ ላይ ነኝ።»

አምፔር አልገባም። ፊቱን በእጅጌው ጠረገና፣ «እኔን ዛሬ ግባ ትለኛለህ» አለው በንዴት፤ «እሷ ሁለት ዓመት ይሄን ተሸክማ ስትወጣ አጥር ተደግፈህ ከመሳቅ በቀር ግቢ ብለሃት ታውቃለህ?»

ባለታክሲው ይሄኔ አልሳቀም።

«በየቀኑ ነው የምላት። ‹ታክሲ ውስጥ ካዩኝ፣ ባሏ አቃተው ይሉታል። ነገ ይጨርሳታል፣ በራሴ መኪና እወጣለሁ› ትለኝ ነበር። በየቀኑ ነገ ነበር የምትለኝ።»

ባለታክሲው ማርሹን አስገብቶ ሄደ። አምፔር ጎንበስ ብሎ ጥቅሉን አቀፈው፤ ትከሻው ላይ ለማውጣት ሁለቴ ሞክሮ በሦስተኛው ተሳካለትና መንገዱን ቀጠለ።